ባቡሩ ሲለወጥ ባለሙያው ወዴት ይሄዳል?

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ለቡ በሚባለው አካባቢ አንድ ሰፊ የባቡር ጣቢያ ይገኛል። ከዚህ ጣቢያ የሚነሣው የመንገደኞች ባቡር በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። መሥመሩ በጠቅላላው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ባቡሩ ጭስ የለውም፤ የናፍጣ ሞተር ጩኸትም አይሰማበትም። ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ የሚሄድ ነውና።

የኢትዮጵያው ክፍል የተመረቀው በኦክቶበር 2016 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በጃንዋሪ 2018 ነው። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት መሥመሩን ያንቀሳቅሱና ይጠግኑ የነበሩት መሥመሩን የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ባለሙያዎች ከጎናቸው ሆነው ሲማሩ ቆዩ፤ በሜይ 2024 ርክክቡ ተፈጸመ። እነሆ ዛሬ የሥራው ኃላፊነት በባለቤቶቹ በሁለቱ አገሮች ሰዎች እጅ ነው።

ስለ ርክክብ ሲነገር ዘወትር ወደ አእምሯችን የሚመጡት ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎችና ሐዲዶች ናቸው። እነዚህን ቆጥሮ መረከብ ይቻላል። ዕውቀት ግን በቆጠራ አይረከቡትም። «ይህን ቁልፍ ተጫን፣ ቀዩ መብራት ሲበራ ያንን አጥፋ» የሚለው መመሪያ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ ሊተላለፍ ይችላል። ቁልፉ የሚጫንበትን ምክንያት ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ተላለፈ የሚታወቀው ደግሞ በርክክቡ ዕለት ሳይሆን መመሪያው ያላሰበው ብልሽት በሚደርስበት ዕለት ነው።

ይህ ጉዳይ የባቡር ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ የምትገኙ አንባቢዎቻችን በሥራ ዘመናችሁ የምትሠሩበት መሣሪያ ከአንድ ጊዜ በላይ ከሥሩ ሲለወጥ ማየታችሁ አይቀርም። በመሆኑም ዛሬ የምትይዙት ሙያ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የሚጣል ነው ወይስ ወደሚቀጥለው መሣሪያ የሚሻገር? ለዚህ ጥያቄ ከለቡ የተሻለ ማስተማሪያ ሩቅ አገር ሄዶ መፈለግ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የተጣለውና የተሻገረው

«ባቡር» የሚለው ቃል መነሻው በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎትን የሚገልጸው ቃል ነው። በዚህም የተነሣ ቀድሞ የእህል ወፍጮውም «ባቡር» ይባል ነበር። ዛሬ ከለቡ የሚነሣው ባቡር አንዲት ጠብታ እንፋሎት አያመነጭም፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ቃላት ከመሣሪያዎች ይልቅ ዕድሜ አላቸው።

የቀድሞው ምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነበር። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። የአዲሱ መሥመር ስፋት ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አሮጌው ሎኮሞቲቭ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አንዲት ሜትር እንኳ ሊሄድ አይችልም። ከመንኮራኩሩ ጀምሮ ሁሉ ነገር ሌላ ሆኗል።

በእንፋሎቱ ዘመን በሎኮሞቲቩ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ አንደኛው የሚነዳው፣ ሁለተኛው እሳቱን የሚጠብቀው። የእሳት ሠራተኛው ሥራ ከሰል ወይም እንጨት መወርወር ብቻ አልነበረም። እሳቱን በምድጃው ላይ እኩል ማዳረስ፣ ዳገት ከመድረሱ በፊት በቂ እንፋሎት ማጠራቀም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከምድጃው ጣሪያ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ ነበረበት። ውኃው ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ የታመቀው እንፋሎትም ቦይለሩን ያፈነዳዋል። በዓመታት ልምድ የሚገኝ ከባድ ሙያ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ወደ አገራችን ሲመጡ ይህ ሙያ ቦታ አጣ። በእኛ አገር ብቻም አልነበረም። በአሜሪካ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ላይ የእሳት ሠራተኛ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር ለዓመታት ተጓትቶ በ1963 የአገሪቱ ምክር ቤት ጣልቃ እስከ መግባት ደርሷል። በብሪታንያ ዋና መሥመሮች ላይ መደበኛው የእንፋሎት ባቡር ያበቃው በ1968 ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ሠራተኛ እንመልከት፤ የብሬክ መካኒኩን። ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ የተባለው አሜሪካዊ በተጨመቀ አየር የሚሠራውን የባቡር ብሬክ የፈጠረው በ1869 ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ያሻሻለው ሥርዓት በአንድ ብልሃት ላይ የቆመ ነው። ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በሚዘረጋው ቧንቧ ውስጥ የአየሩ ግፊት ሙሉ ሲሆን ብሬኩ ይለቃል፤ ግፊቱ ሲወርድ ብሬኩ ይይዛል። ቧንቧው ቢበጠስ ወይም ፉርጎ ተቆርጦ ቢቀር አየሩ ይወጣል፤ ባቡሩም ማንም ሳያዝዘው ይቆማል። ይህ ሐሳብ ከእንፋሎቱ ወደ ናፍጣው፣ ከናፍጣው ወደ ኤሌክትሪኩ ተሻግሯል። ቫልቮቹ ተሻሽለዋል፤ የመቆጣጠሪያው ክፍል ኤሌክትሮኒክስ ሆኗል። ሆኖም የግፊት መለኪያ ማንበብ የሚያውቅ፣ አየር የሚያፈስ መጋጠሚያን በጆሮው የሚለይ፣ «ግፊት ሲጠፋ ይይዛል» የሚለውን መሠረተ ሐሳብ የተረዳ ሰው የሦስቱንም ዘመን ባቡር ሊጠግን ይችላል።

የእሳት ሠራተኛውና የብሬክ መካኒኩ በትጋት የሚበላለጡ አልነበሩም። የአንደኛው ሙያ ከእሳቱ ጋር የተጣበቀ ሲሆን የሁለተኛው ግን ከፊዚክሱ ጋር የተጣበቀ ነበር። ደግሞ የእሳት ሠራተኛውም ቢሆን ስለ ግፊት፣ ስለ ሙቀትና ስለ ውኃ የሚያውቀውን ከእሳቱ ለይቶ ማየት ከቻለ በማንኛውም ቦይለር ባለበት ፋብሪካ ሥራ አያጣም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው የሚያውቀውን እንደሚያውቅ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው።

በሽቦውና በሐዲዱ መካከል

ከለቡ ባቡር በላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይይዛል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው። ይህን ያህል አደገኛ ቮልቴጅ ከሰው ራስ በላይ መዘርጋት ለምን አስፈለገ?

ለከባድ ጭነት የሚሠራ ዘመናዊ ሎኮሞቲቭ 7,200 ኪሎዋት ያህል ኃይል ሊወስድ ይችላል እንበል። ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ስለሆነ በ25,000 ቮልት የሚያስፈልገው ከረንት 288 አምፔር ይሆናል። ይኸው ኃይል በ220 ቮልት ይቅረብ ቢባል ግን ከ32,000 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። በሽቦው ውስጥ በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ በተመሳሳይ ሽቦ ብክነቱ ወደ 13,000 ጊዜ ይጨምራል። ሽቦው ይቀልጣል፤ ባቡሩም ከቦታው አይነቃነቅም። ይህች ስሌት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራት ናት። ልዩነቱ በፈተና ወረቀት ላይ የምትሠራው ለነጥብ መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ባቡሩ ግን የሚስበው በአንድ ሽቦ ነው። ባቡሮች ሁሉ ከአንድ ፌዝ ብቻ ቢስቡ የመረቡ ሚዛን ይዛባል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት መሥመር ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተከፍሎ አንዱ ክፍል ከአንደኛው ፌዝ፣ ቀጣዩ ከሌላው እንዲመገብ ይደረጋል። ሁለት የተለያዩ ፌዞች እንዳይገናኙ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የሌለበት አጭር ሽቦ ይገባል፤ «ገለልተኛ ክፍል» ልንለው እንችላለን። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፤ በያዘው ፍጥነት ተንሸራትቶ ያልፋል፤ ከዚያም እንደገና ይበራል።

አንድ ነጂ ይህን በቃሉ ሊይዘው ይችላል፤ «ምልክቱን ስታይ አጥፋ፣ ሁለተኛውን ምልክት ስታይ አብራ»። በደኅናው ቀን ይህ በቂ ነው። አሁን ግን ባቡሩ በከባድ ጭነት ዳገት እየወጣ ነው እንበል። ከገለልተኛው ክፍል ፊት ለፊት ፍጥነቱ ወርዶአል። ምልክቱ አጥፋ ይላል። በቃሉ የያዘው ነጂ ያጠፋል፤ ባቡሩም በሞተው ሽቦ ሥር ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ጉልበት ሊነሣ አይችልም። ምክንያቱን የተረዳው ነጂ ግን አስቀድሞ ያሰላል። ለመሻገር ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልገው ያውቃልና ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ ይዘጋጃል፤ ካልበቃውም ከክፍሉ በፊት ቆሞ እርዳታ ይጠይቃል። መመሪያው ለሁለቱም አንድ ነበር።

ቁልቁለቱም ከዳገቱ አያንስም። ለቡ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ሲሆን የጅቡቲ ወደብ ግን በባሕሩ ጠርዝ ነው። 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ 6,000 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ከፊሉንም ሰበቃና ነፋስ ይወስዱታል። የቀረው የት ይሂድ? በቀድሞው ባቡር የብሬክ ብረት አግሎ ይጠፋ ነበር። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ግን በቁልቁለት ሞተሩን ወደ ጄኔሬተርነት ለውጦ ኢነርጂውን ወደ ሽቦው ሊመልስ ይችላል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ያሳየው ነገር ነው። ከፋራዴይ ወዲህ ሞተሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ስንት ጊዜ እንደ ተለዋወጠ መቁጠር አታካች ነው። ሕጉ ግን አልተነካም።

ስለ መቆም አንድ ነገር ልጨምር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት 40 ሜትር ያህል ተጉዛ ልትቆም ትችላለች። በዚያው ፍጥነት የሚሄድ ከባድ ባቡር ግን፣ ብረት በብረት ላይ ያለው ሰበቃ አነስተኛ ስለሆነ፣ በሴኮንድ 0.4 ሜትር በሴኮንድ ብቻ ፍጥነት እየቀነሰ ቢቆም ከ600 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። በአፋርና በሶማሌ ቆላ ከብቶችና ግመሎች ሐዲዱን ሲያቋርጡ በባቡር እየተገጩ አርብቶ አደሩን ለኪሳራ፣ ድርጅቱን ለካሣና ለክርክር ሲዳርጉ መቆየታቸው ይታወቃል። ነጂው ግመሏን ባየበት ቅጽበት ፊዚክሱ ፍርዱን ጨርሶአል። ሥራው መሠራት ያለበት ከዚያ በፊት ነው፤ በአጥር፣ በመሻገሪያ፣ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ በመነጋገር።

ፎርሙላ ብቻውን ባቡር አይነዳም

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ተማሪ «እንግዲያው ፊዚክስ ካወቅሁ ምን ቀረኝ» ብሎ እንዳይደሰት እፈራለሁ። እኔ የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ሕጎች ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ሆኖም ያን ባቡር ከለቡ ቢሾፍቱ አድርስ ብባል አላደርስም። ነጂው እጁ ላይ ያለው ነገር፣ የባቡሩን ርዝመትና ክብደት በመቀመጫው በኩል የሚሰማበት መንገድ፣ በመጽሐፍ የሚገኝ አይደለም።

በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን በምሠራበት ቤተ ሙከራ አንድ አዛውንት የመስታወት ሠራተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ዘመን አየር አልባ የሙከራ ዕቃዎች የሚሠሩት በመስታወት ስለነበር ቱቦውን በእሳት እያለሰለሱ፣ በአፋቸው እየነፉ ይቀጥሉት ነበር። እኔ በደረስኩበት ጊዜ መስታወቱ ጠፍቶ ሁሉም ነገር የማይዝግ ብረት ሆኗል። ሰውየው ግን በቤተ ሙከራው ውስጥ እጅግ ተፈላጊ ነበሩ። ከመጻሕፍቱ የተማርነው እኛ ሁለት ሳምንት ፈልገን ያጣነውን የአየር መግቢያ ቀዳዳ እሳቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያገኙት ነበር። የሰውየው እውነተኛ ሙያ መስታወት መንፋት ሳይሆን ለካስ አየር ከየት እንደሚገባ ማወቅ ኖሮአል። መስታወቱ ያን ዕውቀት የተማሩበት ዕቃ ነበር እንጂ ዕውቀቱ ራሱ አልነበረም።

በድሬዳዋው የምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠሩ ባለሙያዎችም እንዲሁ ናቸው። መለዋወጫ ከውጭ በማይገኝበት ዘመን ክፍሉን በቶርኖ እየቀረጹ፣ በብየዳ እየጠገኑ ያረጁ ሎኮሞቲቮችን ከዕድሜያቸው በላይ አስኪደዋል። ሥራውን የተማሩት በፈረንሳይኛ ነበር፤ «ለገሃር» የሚለው የሠፈር ስም የዚያ ቅሪት ነው። የለቡው ትውልድ ደግሞ ከቻይናውያን ጋር ሠርቶ ተማረ። የሥራ ቋንቋ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይለወጣል፤ ይህም አንዱ የሚዘነጋ ሙያ ነው። የመሣሪያውን መጽሐፍ በተጻፈበት ቋንቋ ማንበብ የሚችል ሰው ትርጉም እስኪመጣለት አይጠብቅም።

ሃያ አምስት ዓመትና ስድስት ዓመት

ለንጽጽር የሚበጅ ሌላ ተቋም አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1945 ተቋቁሞ በ1946 በረራ ጀመረ። በመጀመሪያ አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 አውሮፕላን በኃላፊነት አበረሩ። ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ግን በ1971 ነው። ከመጀመሪያው በረራ 25 ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አየር መንገዱ ከባለ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ወደ ጄት ተሸጋግሮአል፤ የራሱን የማሠልጠኛ ተቋምና የጥገና ማዕከልም ገንብቶአል።

በባቡሩ የተሰጠን ስድስት ዓመት ነው። ጊዜው አጠረ ብዬ ለማማረር አይደለም። ስድስት ዓመት አንድን ሥርዓት ለማንቀሳቀስ ይበቃል። ለመጠገን፣ ለማሻሻልና ቀጣዩን ለመምረጥ ግን ትምህርቱ ከርክክቡ በኋላም መቀጠል አለበት። እዚህ ላይ ሸክሙን በሠራተኛው ትከሻ ላይ ብቻ የሚጥለው የዘመኑ ንግግር አይጥመኝም። «ራስህን አብቃ፣ ከለውጡ ጋር ተራመድ» ይባላል። መልካም ነው። ነገር ግን አየር መንገዱ መካኒኮቹን ያበቃው ምክር በመስጠት ሳይሆን ትምህርት ቤት ሠርቶ፣ እያስተማረ ደመወዝ እየከፈለ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው የአፍሪካ የባቡር ልህቀት ማዕከል በዚህ አቅጣጫ የተወሰደ እርምጃ ነው። የማዕከሉ ተመራቂና የለቡው ቴክኒሻን በአንድ ሎኮሞቲቭ ሥር አብረው መተኛት ከጀመሩ ፍሬው ይታያል።

ተማሪው አሁን ምን ያድርግ?

በፊዚክስ ተመርቀው ሥራ ሲፈልጉ የሚመጡ ወጣቶችን አነጋግራለሁ። ብዙዎቹ የተማሩትን የኮርስ ዝርዝር ያሳዩኛል። ያንን ሳይሆን በእጃቸው ምን እንደ ለኩ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሙከራ አጥሮአቸዋል። ይሁንና መልቲሜትር ዛሬ ብርቅ ዕቃ አይደለም። የተበላሸ ራዲዮ፣ ያረጀ የውኃ ፓምፕ፣ የተቃጠለ ቻርጀር በየቤቱ አለ። በሠፈራችሁ ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ካለ ክረምቱን ከእሱ ዘንድ ብትውሉ ስለ መግነጢሳዊ መስክ ከብዙ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የበለጠ ትማራላችሁ። እሱም በተራው ሽቦውን ይህን ያህል ዙር የሚጠቀልልበትን ምክንያት ከእናንተ ሊሰማ ይችላል። እንደ ልምዴ እንዲህ ያለ ባለሙያ ምክንያቱን ሲሰማ ከተማሪዬ ይበልጥ ይደሰታል።

የሠራችሁትን ደግሞ ጻፉት። ምን እንደ ተበላሸ፣ ምን እንደ ለካችሁ፣ ምን ጠርጥራችሁ ምን እንደ ሆነ፣ በቀን። የእኛ ትልቁ የዕውቀት ብክነት እዚህ ነው። ባለሙያው ጡረታ ሲወጣ አርባ ዓመት ያጠራቀመው ነገር ሁሉ አብሮት ቤቱ ይገባል።

የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ በደኅና ከተያዘ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። በውስጡ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ግን ያን ያህል አይቆዩም፤ ሎኮሞቲቩ ገና በመካከለኛ ዕድሜው ሳለ የካርዶቹ ክፍሎች ከፋብሪካ መመረት ያቆማሉ። በለቡው መሥመር ይህ ወቅት ዛሬ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ወጣት ሥራ ከያዘ በኋላ የሚመጣ ይሆናል። ካርዱን ከሣጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው ሰው ያን ጊዜ የሚያገኘው ምናልባት ያበጠ ካፓሲተር ነው፤ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ፤ ወይም ከነጭራሹ ሥዕሉ የጠፋ ሰርኪዩት፣ ከገባበት እስከሚወጣበት በመልቲሜትር እየተከተለ በወረቀት ላይ እንደገና የሚነድፈው።